ፕሮስቴት ካንሰር ሪሰርች ውስጥ ልትገቡ ለምታስቡ ልጆች

ሰላም ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ «ጋሼ፣ ካንሰር ሪሰርች ልገባ ነው፣ ፕሮስቴት ላይ ኤአይ ይሻለኛል ወይስ ጄኔቲክስ ወይስ የመድኃኒት ሥራ» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ፣ ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላቃተኝ እዚሁ ልጻፈውና አንብቡት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ላብ ውስጥም ማይክሮስኮፕ ይዤ አልኖርኩም፤ እዚህ አሜሪካ ዕድሜዬን የፈጀሁት ክሊኒካል ትራያል (ህክምና በሰው ላይ የሚሞከርበት ጥናት) ዳታ ላይ ነው፣ ታማሚው ከታከመ በኋላ ምን ሆነ፣ አለ ወይ፣ ሞተ ወይ፣ በምን ሞተ የሚለውን ከሚከታተሉት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ስለዚ ምክሬም ከዛው ነው ሚመጣው። የትኛውንም ብትመርጡ ግድ የለኝም፣ ብቻ «አገኘን» ብላችሁ ከማጨብጨባችሁ በፊት ሰውየው ከዛ በኋላ ምን ሆነ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ደሞ በዚህ በሽታ ላይ ቶሎ አይመጣም። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

የፒኤስኤን ነገር እንየው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፕሮስቴት ማለት ከሽንት ፊኛ በታች የሽንት ቧንቧን ከቦ ያለ የወንድ እጢ ነው፣ ፒኤስኤ ደሞ ይሄ እጢ የሚሰራው ፕሮቲን ነው፣ ትንሽ ትንሹ ወደ ደም ይገባል፣ በደም ምርመራ ይለካል። በ1979 ባፋሎ ኒውዮርክ፣ ሮዝዌል ፓርክ የሚባለው የካንሰር ማዕከል ውስጥ የሚንግ ቹ ቡድን አጥርቶ አወጣው። በ1986 የአሜሪካው የመድኃኒትና የምርመራ ፈቃድ ሰጪ ኤፍዲኤ ሲፈቅደው በሽታው ያለባቸውን ሰዎች መከታተያ ነበር፣ ለዛ እስከዛሬም እንከን አይወጣለትም። ከዛ ግን ጤነኛ ሰው ላይም መፈለጊያ ይሁን ተባለ፣ በ1991 ፒኤስኤ ካንሰር ለመፈለግ ይረዳል ያለው የዊሊያም ካታሎና ጥናት ወጣ፣ በ1994 ኤፍዲኤ ለዛም ፈቀደ፣ እንደውም ፈቃዱ ሳይመጣ ነው የሚመረመረው ሰው በዝቶ አሜሪካ ውስጥ አዲስ ታማሚ ተብሎ የሚመዘገበው ቁጥር በ1992 ጣራ የነካው። ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን ምርመራው ሰው ከሞት ያድናል ወይ የሚለውን ሰዎችን በዕጣ ለይቶ ያየ ትልቅ ጥናት ውጤቱ ገና አልወጣም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚሉት ይሄን ነው።

ፒኤስኤ በካንሰር ብቻ አይደለም የሚጨምረው፣ እጢው በዕድሜ ሲተልቅም ኢንፌክሽን ሲይዘውም ይጨምራል። ከዛ በላይ ደሞ አርኖልድ ሪች የሚባል የጆንስ ሆፕኪንስ ፓቶሎጂስት ገና በ1935 በሌላ በሽታ የሞቱ ሰዎችን አስከሬን ሲመረምር ራሳቸውም ሳያውቁት አብሯቸው የኖረ የፕሮስቴት ካንሰር አግኝቷል። እና ከፈለግክ ታገኛለህ፣ ጥያቄው ያገኘኸው የሚገድለውን ነው ወይስ ከሰውየው ጋር አብሮ የሚያረጀውን ነው። ሰው ደሞ ካንሰር አለብህ ከተባለ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፣ ሰርጀሪ ይገባል፣ ጨረር ይወስዳል፣ ከዛ አንዳንዱ ሽንቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ የመኝታ ነገር ይበላሽበታል፣ ይሄን ደሞ የኛ ሰው ለማንም ትንፍሽ አይልም።

ስታትስቲክስ ተማሩ እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ ለምን እንደሆነ እዚህ ጋ ይታያችኋል። አንድ ሰው በ72 ዓመቱ ወገቡን አሞት ሲመረመር አጥንቱ ድረስ የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘበት እንበል፣ በ75 ሞተ፣ 3 ዓመት ኖረ ተብሎ ይመዘገባል። ይሄው ሰው በ64 ዓመቱ በፒኤስኤ ቢገኝበትና እዛችው 75 ላይ ቢሞት 11 ዓመት ኖረ ተብሎ ይመዘገባል። አንዲት ቀን አልጨመረም እኮ፣ የጨመረው ካንሰር አለብኝ እያለ የተጨነቀበት ጊዜ ነው። ከምርመራ በኋላ 5 ዓመት የሚኖረው ሰው በመቶኛ አደገ የሚል ፖስተር ስታዩ ይሄን ሰውዬ አስቡት፤ መቆጠር ያለበት በበሽታው ስንት ሰው ሞተ የሚለው ነው።

አውሮፓውያኑ የቆጠሩት እሱን ነው። ኢአርኤስፒሲ የሚባለው ጥናት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተጀምሮ ከ55 እስከ 69 ዓመት የሆኑ ከ160,000 በላይ ወንዶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለና አንዱን ወገን ለምርመራ ጠራ፣ ሌላውን ተወው። በ2009 ውጤቱ ሲወጣ አንድ ሰው በፕሮስቴት ካንሰር እንዳይሞት ለማድረግ 1,410 ሰው መጥራትና 48 ተጨማሪ ሰው ማከም ያስፈልግ ነበር፣ ብዙ ሰው ይሄ አያዋጣም ብሎ ፋይሉን ዘጋ። ጥናቱን የያዙት ሰዎች ግን አልዘጉትም፣ የሞት መዝገብ እያገላበጡ ተቀመጡ፣ ከመሀላቸው ጡረታ የወጣም አለ፣ እና በ2025 የ23 ዓመቱ ውጤት ሲታተም 1,410 የነበረው 456 ሆኗል፣ 48 የነበረው 12። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ የተጨመረው ጊዜ ነው። የሚገርመው ደሞ የሞት ቅነሳው በመቶኛ ሲታይ ከ20 ወደ 13 ወርዷል፣ እና ጥቅሙ አደገ ወይስ ቀነሰ ብላችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተከራከሩበት (በኔ በኩል አድጓል ባይ ነኝ፣ መጀመሪያ ላይ በዚህ በሽታ የሞተው ራሱ ጥቂት ነው፣ ከጥቂት ላይ 20 በመቶ ምንም አትሞላም፣ ሰዎቹ ሲያረጁ ግን ብዙ ስለሚሞት 13 በመቶውም ብዙ ነፍስ ነው)።

በዛው በ2009 የወጣው የአሜሪካኖቹ ፒኤልሲኦ የሚባል ተመሳሳይ ጥናት ምንም ልዩነት የለም ብሎ ነበር፣ ግን እዛ ያልተጠራው ወገን ውስጥ አብዛኛው በራሱ ሐኪም ጋ ሄዶ ተመርምሯል፣ ስለዚ የተመረመረን ከተመረመረ ጋር ነው ያወዳደሩት ማለት ይቻላል። በሽታን ስለመከላከል ምክር የሚሰጠው የአሜሪካ ቦርድ በ2012 የፒኤስኤ ምርመራ አይመከርም አለ፣ በ2018 ደሞ ከ55 እስከ 69 ያለ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ይወስን ወደሚለው ተመለሰ። ሕዝቡ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

እንግሊዞቹ ደሞ ፕሮቴክት በሚባለው ጥናት ከ1999 እስከ 2009 ድረስ 82,429 ወንዶችን መርምረው፣ ከተገኘባቸው ውስጥ 1,643ቱን ለሰርጀሪ፣ ለጨረር ወይም ለክትትል ብቻ በዕጣ መደቡ። አስቡት እስቲ፣ ካንሰር አለብህ ያልከውን ሰው ህክምናህን ዕጣ ይወስነዋል ስትለው። መጀመሪያ ላይ እሺ የሚል ሰው ጠፍቶ ነበር፣ ነገሩን ያተረፈችው ጄኒ ዶኖቫን የምትባል የሶሻል ሳይንስ ሰው ናት፣ ሐኪሞቹ ከታማሚው ጋር የሚያወሩትን አስቀርጻ ስታዳምጥ ሦስቱን አማራጭ እኩል አያስረዱም፣ ሰርጀሪውን ሲያወሩ ድምፃቸው ራሱ ሌላ ነው፣ አነጋገራቸውን ሲያስተካክሉ ሰው ገባ። በ2023 የ15 ዓመቱ ውጤት ሲወጣ በሦስቱም ወገን በፕሮስቴት ካንሰር የሞተው 3 በመቶ ገደማ ነው፤ ክትትል ላይ በነበሩት ግን በሽታው የተሰራጨባቸው ከሌሎቹ እጥፍ ገደማ ናቸው፣ ይሄንንም ሳትደብቁ ተናገሩ። ላብ ካልሆነ ሳይንስ አይደለም የምትሉ ልጆች ይቺን ሴትዮ ልብ በሉልኝ።

ኤአይ ያላችሁኝ ልጆች፣ አንድ ነገር ብቻ። ፓቶሎጂስቶች የካንሰሩን አደገኛነት ለመመዘን ዛሬም የሚጠቀሙበት የግሊሰን ነጥብ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የኖረው ዶናልድ ግሊሰን ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ያላቸውን ቅርፅ በአሜሪካ የጦር ጡረተኞች ሆስፒታሎች ከታከሙት ሰዎች ሞት ጋር ስላገናኘው ነው። የናንተ ሞዴል የሐኪምን አስተያየት መድገም ብቻ ከተማረ ከሐኪሙ አይበልጥም፣ የሰውየውን መጨረሻ ካወቀ ግን ሊበልጥ ይችላል። ኤም አር አይም እንደዛው ነው፣ በ2018 የወጣው ፕሪሲዥን የሚባል ጥናት 500 ሰው ይዞ መጀመሪያ ኤም አር አይ አንስቶ ባዮፕሲን (ከእጢው ናሙና መውሰዱን) በሱ መምራት አደገኛውን ካንሰር ይበልጥ እንደሚያገኝ (38 በመቶ ለ26)፣ የማይጎዳውን ደሞ እንደሚቀንስ አሳየ፣ በጣም ደስ ይላል፣ የሞቱን ነገር ደሞ ጠብቀን እናያለን።

መድኃኒቱ ጋ ስንመጣ፣ ቻርልስ ሃጊንስ ሺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በ1941 ካንሰሩን የሚያሳድገውን የወንድ ሆርሞን በመቀነስ፣ ማለትም የዘር ፍሬን በማውጣት ወይም የሴት ሆርሞን በመስጠት፣ የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር እንደሚያፈገፍግ አሳየ፣ ኖቤሉን ያገኘው በ1966 ነው። ካንሰሩ ግን ከጊዜ በኋላ ይመለሳል፣ ሲመለስ ደሞ በቃ ካሁን በኋላ ሆርሞን አይፈልግም ተብሎ ለአስርት ዓመታት ይታመን ነበር። ለንደን ያለው የካንሰር ምርምር ኢንስቲትዩት ኬሚስቶች በ1990ዎቹ መጀመሪያ አቢራቴሮንን ሰሩ፣ ከኩላሊት በላይ ያለው እጢም ካንሰሩ ራሱም የወንድ ሆርሞን እንዳይሰሩ የሚያግድ መድኃኒት ነው፣ ግን ማን ይስማቸው፣ የሚያሳድገው ካምፓኒ አጥቶ ለዓመታት ተቀመጠ። በ2004 የአሜሪካዊው ተመራማሪ የቻርልስ ሶየርስ ቡድን ካንሰሩ ህክምናውን የሚያመልጠው የሆርሞን ተቀባዩን (ሆርሞኑ ሴሉ ውስጥ የሚይዘውን ፕሮቲን) አብዝቶ እንደሆነ አሳየ፣ እዛው ለንደን ያለው ሐኪም ዮሃን ደ ቦኖና ባልደረቦቹ አቢራቴሮንን ታማሚ ላይ ሞከሩት፣ በ2011 ተፈቀደ፣ ከሶየርስ ሥራ የመጣው ኤንዛሉታማይድ ደሞ በ2012።

ከዚህ ሁሉ ግን ለኛ አገር ብዬ የምወዳት ትንሽዬ ጥናት አለች፣ ከሺካጎ የተመራች፣ 72 ታማሚ ብቻ፣ የታተመችው በ2018። አቢራቴሮን በባዶ ሆድ 1,000 ሚሊግራም ነው የሚወሰደው፣ ከምግብ ጋር ሲሆን ግን ሰውነት የሚያስገባው በብዙ እጥፍ ስለሚጨምር 250ውን ከቀለል ያለ ቁርስ ጋር ቢወስዱስ ብለው ሞከሩ፣ የፒኤስኤው መውረድ ከሙሉው ዶዝ አላነሰም። የኪኒኑ ሩብ ማለት እኮ ነው! ይሄን ጥያቄ ለመጠየቅ የሚቸኩል ሻጭ አይኖርም፣ ገበያው ይቀንስበታላ። ግን ያው ጥያቄዬ፣ የተለካው ፒኤስኤ ነው እንጂ ዕድሜ አይደለም፣ ሄዳችሁ አስፉት። (ቤተሰባችሁ ውስጥ የሚወስድ ካለ ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይቀንስ አደራ።)

አሁን ወደኛ ልምጣ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ወንዶች በዚህ በሽታ የሚሞቱት ከነጮቹ በእጥፍ ገደማ ነው፣ ፕሮቴክት ውስጥ የገቡት ደሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ናቸው። ጥቁሮቹ ለምን ጥናት ውስጥ አይገቡም ብሎ መውቀስ ይቀላል፣ ቱስኪጊ ላይ ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ እያለባቸው ህክምና ተከልክለው የተጠኑትን የአሜሪካ ጥቁሮች ታሪክ የሰማ ግን አይፈርድም። አፍሪካ ውስጥም በጂኖም (የሰው ሙሉ የዘር መረጃ) ሥራ ስማቸው የሚነሳው በብዛት ደቡብና ምዕራቦቹ ናቸው፣ የምሥራቁ ዳታ ስስ ነው፣ እና ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ የጎጃም ሰው «ጥቁር» ተብሎ ከናይጄሪያዊው ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ጄኔቲክስ ያላችሁኝ፣ ሥራው እዚህ ጋ አለላችሁ።

አገር ቤት ደሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ የሚያጨቃጭቀን ሳያስፈልግ መገኘቱ ነው፣ እዛ ብዙው ሰው የሚመጣው ሽንቱ ሲዘጋበት ወይ አጥንቱ ሲታመም ነው፣ የጨረር ህክምናም ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን ያደግን ሰዎች ይቺን እጢ ግን እንደብቃታለን። ስለዚ የፈረንጁን መመሪያ እንዳለ ገልብጣችሁ ስክሪኒንግ (ጤነኛ ሰው ላይ በሽታ መፈለግ) ያስፈልጋል ወይም አያስፈልግም ብላችሁ አትጻፉብኝ፣ መጀመሪያ ጥቁር አንበሳ ወይ ጎንደር ወይ ጅማ ታክሞ የወጣው ሰው ከ5 ዓመት በኋላ የት እንዳለ እወቁ። ሰውየው ሲም ካርድ ይቀይራል፣ ገጠር ይመለሳል፣ በየት ይገኛል? የሚስቱን፣ የልጁን፣ የጎረቤቱን ስልክ፣ የቀበሌውን፣ የእድሩን ስም ገና ካርድ ሲያወጣ ጻፉ፣ የሞተም እንደሆን እድሩ ያውቃል። ፕሮፖዛል እየላካችሁ አስተያየት የምትጠይቁኝ ልጆች፣ ቤተሰብ መደወያና ወረዳ ድረስ መሄጃ ባጀት የሌለበትን ከላካችሁልኝ ሌላውን ገጽ ሳላነብ እሱን ነው የምጠይቃችሁ።