የማያታ ፍሪሲዮን ቤት ውስጥ መቀየር፦ ካምቢዮውን ከማውረድህ በፊት

ወንድሜ ሰላም። ጥያቄህን አየሁት። የ1994 ማዝዳ ማያታህ አምስተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ስትረግጥ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይሄድም፤ ጋራዥ የጠየቁህ ዋጋ ስለከበደህ ቤትህ ውስጥ ራስህ መቀየር ትችል እንደሆነ ነው የጠየቅኸው። ትችላለህ። እኔ እዚህ ቨርጂኒያ፣ በቤቴ ጋራዥ፣ የዚያኑ ዓይነት መኪና ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ሁለተኛውን ያመጣብኝ መጀመሪያ ላይ የሠራሁት ስህተት ስለሆነ አንተ እንዳትደግመው ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ ፍሪሲዮኑ መሆኑን አረጋግጥ። ሜዳ መንገድ ላይ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አራተኛ አስገባና ነዳጁን እስከ ታች ርገጠው። የዙር ቆጣሪው መርፌ ብድግ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው የፍሪሲዮኑ ዲስክ አልቋል። ማርሽ አልገባ የሚልህ ከሆነ፣ በተለይ የኋላ ማርሽ ስታስገባ ክርርር ካለ፣ ወይም ፔዳሉ ወለል ነክቶ ከቀረ ግን ካምቢዮ ለማውረድ አትቸኩል። የዚህ መኪና የታችኛው የፍሪሲዮን ፖምፓ በማፍሰስ የታወቀ ነው። ከካምቢዮው ጎን በሁለት ብሎን የታሰረች ትንሽ ነገር ናት። የጎማ ሽፋኗን ገለጥ አድርገህ ጣትህ ከረጠበ እሷን ቀይረህ መጀመሪያ ሞክረው።

አሁን ወደ ሥራው። ክሪክ መኪና ያነሣል እንጂ አይሸከምም። ደረቅ የሲሚንቶ ወለል ላይ አራት የብረት ማቆሚያ አስገባ፤ አስፋልት ላይ አትሥራ፣ በፀሐይ ይለሰልሳል። ከመግባትህ በፊት መኪናውን በትከሻህ ገፋ ገፋ አድርገው። ከተነቃነቀ አውርደህ እንደገና አቁመው። ሁለት ቀን ሙሉ ደረትህ ላይ የሚውል ብረት ነውና እዚህ ላይ አንድ ሰዓት ብታጠፋ አይቆጭህም። ብቻህንም አትሥራ። እኔ ሁለቱንም ጊዜ የባለቤቴ ወንድም አብሮኝ ነበር። ሥራ ከመጀመርህ በፊት የምትነቅለውን ባትሪ ኮፈን ስር አትፈልገው፤ በዚህ መኪና ሻንጣ መያዣው ውስጥ በቀኝ በኩል ነው።

አገር ቤት መኪና ከሠራህ ካምቢዮውን ከስር የያዘውን ድልድይ ትፈልግ ይሆናል። ማያታ ድልድይ የለውም። ከካምቢዮው እስከ ዲፈረንሻሉ የሚዘልቅ ረጅም የአሉሚኒየም አካል አለ፤ የካምቢዮው ጅራት የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። የዚህን ብሎኖች ከመፍታትህ በፊት ካምቢዮውን በሌላ ክሪክ ደግፍ፣ አለዚያ ጅራቱ ድንገት ይወርዳል። ሳትፈታውም በፊት የካምቢዮው ጅራት ከመኪናው ወለል ያለውን ርቀት ለክተህ ጻፍ። ስትመልሰው ያው ካልሆነ መኪናው ይንቀጠቀጥብሃል። ማጥበቂያው ከ104 እስከ 124 ኒውተን ሜትር ስለሆነ በእጅ ግምት አይሆንም፤ ቶርክ የሚለካ ቁልፍ ተዋስ።

የቀረው ማውረድ ትዕግሥት ብቻ ነው። ዘይቱን አፍስስ፣ የማርሽ ዘንጉን ከውስጥ በኩል አውጣ፣ የጭስ ቱቦውን መሀለኛ ክፍልና ካርዳኖውን (ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደውን የሚዞር ዘንግ) አውርድ። ካርዳኖው ከዲፈረንሻሉ የሚገናኝበት ላይ በቀለም ምልክት አድርግ፣ በነበረበት እንዲመለስ። የታችኛውን ፖምፓ ቱቦውን ሳትነቅል ፈትተህ በሽቦ ወደ ጎን እሰረው። የሚያስመርረው ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር ያሰሩት የላይኞቹ ብሎኖች ናቸው፤ የሞተሪኖውም (የሞተር ማስነሻው) የላይኛው ብሎን እንዲሁ። ከኮፈን በኩል እጅ አይደርስም። የካምቢዮው ጅራት ዝቅ ሲል ሞተሩም ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ያኔ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚሆን ማራዘሚያ ቀጣጥለህ፣ ጫፉ ላይ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ አድርገህ፣ ከኋላ በካምቢዮው አናት ላይ አሳልፈህ ትደርስባቸዋለህ። አንዱ ቁልፉን ብሎኑ ላይ ይያዝ፣ ሌላው ከኋላ ይፍታ።

አሁን እኔ የተሳሳትኩበትን ልንገርህ። የመጀመሪያውን ጊዜ ካምቢዮውን ሳወርድ ዲስኩ እስከ ሪቬቱ አልቆ አገኘሁት። አዲስ ዲስክና ፕሬሸር ፕሌት (ዲስኩን የሚጫነውን ክፍል) ገዝቼ ስለነበር አስገብቼ ዘጋሁ። ከቦላኖው (ከሞተሩ ጀርባ ካለው፣ ዲስኩ ከሚያርፍበት ከባድ ክብ ብረት) በታች፣ በብረቱ ላይ፣ እንደ ላብ ቀጭን ሆኖ የሚያብለጨልጭ ዘይት አይቼ ነበር። በጨርቅ ጠረግሁትና አለፍኩት። በሦስተኛው ወር መኪናው ስነሣ ይንዘፈዘፍ ጀመር፤ ቀጥሎ መንሸራተቱ ተመለሰ። እንደገና አውርጄ ስከፍተው አዲሱ ዲስክ ግማሽ ጎኑ ጠቁሮ፣ ዘይት ጠጥቶ፣ በጥፍሬ ስጭረው ጥቁር ቅባት ሆኖ ይወጣ ነበር። ያፈሰሰው የክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና የሚዞር ዘንግ) የኋላ ፓራኦሊዮ፣ ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት ነው። ያች ጎማ ከአንድ ምሳ ዋጋ አትበልጥም፤ ለእሷ ብዬ ግን ሙሉ ዲስክና ሁለት ቅዳሜና እሑድ ከፈልኩ።

ስለዚህ ካምቢዮው ከወረደ በኋላ የማይታየውን ሁሉ ቀይር፦ ፓራኦሊዮውን፣ ፔዳል ስትረግጥ ፕሬሸር ፕሌቱን የሚገፋውን ኩሽኔታ (ቤሪንግ)፣ ቦላኖው መሀል ያለችውን ትንሽ ኩሽኔታ፣ ከቻልክም የታችኛውን ፖምፓ። ቦላኖውን ቶርኖ ቤት ወስደህ አስልገው። ሰማያዊ የተቃጠለ ነጥብ ወይም የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለው ሠሪውን አሳየው፤ ስንጥቁ ጠልቆ ከሆነ አዲስ ግዛ። ሲመለስ ብሎኖቹን እያፈራረቅህ ከ96 እስከ 103 ኒውተን ሜትር አጥብቅ። ዕቃ ስትገዛ ደግሞ የሞተርህን መጠን ተናገር፤ የ1.6ቱ ዲስክ 200 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአንተ 1.8 ግን 215 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አይለዋወጡም። እኔ የጃፓኑን ኤክሴዲ ኪት ነው ያስገባሁት፤ ዲስክ፣ ፕሬሸር ፕሌት፣ ኩሽኔታና የፕላስቲክ ማማከያ ዘንግ አብሮ ይመጣል።

ፍሪሲዮኑ የሚቀመጥበት የካምቢዮው ቤት ውስጥ ያለውን ጥቁር አቧራ በአየር አትንፋው፣ በእጅህም አታራግፈው። በድሮ ዲስኮች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። በፍሬን ማጽጃ አርጥበህ በጨርቅ አንሣና ጨርቁን ጣለው።

ስትገጥም ዲስኩ ፊትና ጀርባ አለው። ስፕሪንጎቹ ያበጡበት ጎን ወደ ካምቢዮው ይዙር። ማማከያ ዘንጉን አስገብተህ ዲስኩን መሀል ላይ ካቆምከው በኋላ የፕሬሸር ፕሌቱን ብሎኖች በመስቀል ቅርጽ፣ በየተራ ትንሽ ትንሽ፣ ከ18 እስከ 26 ኒውተን ሜትር አጥብቅ። ዘንጉ ያለ ግፊት ከወጣና ከገባ ዲስኩ ተማክሏል። የካምቢዮው ሻፍት ጥርስ ላይ ግሪስ በስስ ብቻ ቀባ፤ የተረፈው ዲስኩ ላይ ይረጫል። የዲስኩንም ፊት በባዶ እጅህ አትንካው።

ካምቢዮው ወደ 35 ኪሎ ይመዝናል። ስታስገባው የመጨረሻዋ ሁለት ሳንቲ ሜትር እምቢ ትላለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ብሎን አስገብቶ በቁልፍ ይስበዋል። አደራህን፣ እንዳታደርገው! የካምቢዮው ጆሮ ይሰነጠቃል፣ ወይም የዲስኩ መሀል ይጣመማል። ማርሽ አስገብተህ የካርዳኖውን መግቢያ በእጅህ ቀስ ብለህ አዙር፣ ረዳትህ የካምቢዮውን ጅራት ከፍ ዝቅ ያድርግ። ጥርሶቹ ሲገናኙ ጠፍ ብሎ ራሱ ይገባል። እኔ ለዚያች ድምፅ አንድ ሰዓት ከሩብ ጠብቄያለሁ።

ሁሉም ከተዘጋ በኋላ 2 ሊትር 75ደብልዩ-90 የካምቢዮ ዘይት ሙላ፣ የፍሪሲዮኑን ፈሳሽ ቀይረህ አየሩን አስወጣ። ለመጀመሪያው 800 ኪሎ ሜትር ከተማ ውስጥ ረጋ ብለህ ንዳ፤ መብራት ላይ በኃይል አትነሣ፣ ዳገት ላይም መኪናውን በፍሪሲዮን አታቁም።

ቦላኖውን እንዳወጣኸው ፊቱንና ፓራኦሊዮው ያለበትን ቦታ በደንብ ብርሃን አብርተህ ፎቶ አንሣና እዚህ ለጥፈው። ዕቃ ከማዘዝህ በፊት አይቼ ልንገርህ።