የምትተኛበት አልጋ የማን ነው?

ወንድሜ፣ ለንደን ሆቴል ውስጥ አራት ዓመት በአሳላፊነት ከሠራህ በኋላ፣ ገጠር ባለ ትልቅ ቤት እዚያው እያደርክ ባትለር፣ ማለትም የቤቱ አሳላፊዎች አለቃ፣ እንድትሆን መጠየቅህን ጽፈህልኛል። ዌልስ ያለውን የኤርዲግን ቤት ጎብኝተህ፣ ጌቶቹ ያሣሏቸውን የአገልጋዮች ሥዕሎች ካየህ ወዲህ ልብህ እዚያ ቀርቷል። እናትህ ግን «እንግሊዝ ድረስ ሄደህ አሽከር ልትሆን ነው?» ብለው አልቅሰዋል።

ሙያው አያሳፍርም፤ በእኛም አገር አጋፋሪነት ማዕረግ ነበር። እንግሊዝኛህም ይበቃል።

እኔን ያስጨነቀኝ አልጋው ነው። በንጉሥ ኤድዋርድ ዘመን (ከ1901 እስከ 1910 እ.ኤ.አ.) ባትለሩ ብዙውን ጊዜ የሚተኛው የብር ዕቃው ከሚቆለፍበት ክፍል አጠገብ ነበር፤ ለሌባ ዘብ ሆኖ። ከሥሩ ያሉት ወጣት አሳላፊዎች ቀይ ዱቄት በአሞኒያ ለውሰው ብሩን በባዶ ጣታቸው ያሹታል፤ ጣቱ መጀመሪያ ይቆስላል፣ ቆይቶ ይደድራል። ብዙዎቹ ሳያገቡ አረጁ። ጌታው ቢሞት ወይም ቤቱ ቢሸጥ፣ የሠላሳ ዓመት አገልጋይ እንጀራውንና መኝታውን በአንድ ቀን ሊያጣ ይችላል። ሌላ ቤት የሚያስገባውን የምስክር ወረቀት እንዲጽፍለት አሠሪውን የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። መንግሥት የእርጅና አበል መክፈል የጀመረው በ1909 ሲሆን፣ ያውም 70 ዓመት ለሞላው ድሃ፣ ቢበዛ በሳምንት 5 ሽልንግ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

እኔም በአሠሪዬ ቤት ስድስት ዓመት አድሬ ሠርቻለሁ። እመቤቲቱ ባረፉ በሳምንቱ ልጆቻቸው ቁልፉን ተቀበሉኝ። በኋላ ሆቴል ተቀጥሬ የራሴን ክፍል የተከራየሁ ዕለት፣ በሩን ቆልፌ ከፈትኩት፤ እንደገና ቆለፍኩት።

ስለዚህ ሆቴሉ ውስጥ ቆይተህ የአስተናጋጆች ኃላፊነት ብትጠይቅ እመርጣለሁ። ከሄድክ ግን ደመወዙ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ ጡረታው፣ ሥራው ሲቋረጥም ክፍሉን የምትለቅበት ጊዜ በጽሑፍ ይስፈር። «እንደ ቤተሰባችን ነህ» በሚል ቃል አትርካ፤ እስከ ማርች 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ እንግሊዝ ውስጥ አብሮ የሚኖርን የቤት ሠራተኛ ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች ለመክፈል ሕጉ በር የከፈተው በዚሁ ሰበብ ነበር።

ለቤተሰብህ የምትልከውንም ለስድስት ወር በግማሽ ቀንስ። እናትህ ይቀየሙ ይሆናል፤ የአንድ ክፍል ቀብድ የሌለው ልጅ ግን ነገ ማንንም አይጦርም።

ውሉን ከመፈረምህ በፊት ላክልኝ፤ ስለ ክፍሉ የተጻፈውን አብረን እናነበዋለን።