ስሌቱ ልክ ነበር

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰሞኑን "ዶክተር፣ ብዙ ሰው የሚጠቀም ከሆነ ጥቂቶች ቢጎዱ ምን ችግር አለው?" ብላ ጻፈችልኝ። ለክርክር ነው የፈለገችው። አጭር መልስ ጀመርኩ፤ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለሁላችሁም ልጻፍ።

ጥያቄዋ የዩቲሊቴሪያኒዝም ጥያቄ ነው። ትክክለኛ ድርጊት ማለት ካሉት አማራጮች ሁሉ ብዙ ደስታና ጥቂት ሥቃይ የሚያስከትለው ነው ይላል ፍልስፍናው። እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ ደስታና ሥቃይ የሚለኩባቸውን ሰባት ነገሮች ዘርዝሯል፤ ምን ያህል ይበረታል፣ ምን ያህል ይቆያል፣ ስንት ሰው ይነካል እያለ። የባለሥልጣኑም የለማኙም ደስታ እኩል ይቆጠራል። እንስሳትም ይሠቃያሉና እነሱንም አትርሱ ብሏል። ለዚያ ዘመን ትልቅ ድፍረት ነው። "ልበ ደረቆች የፈጠሩት ነገር ነው" የምትሉ ልጆች ይህን አታውቁም። አምስት ሰው ለማዳን ባቡሩን አንድ ሰው ወዳለበት ሐዲድ ማዞር ይገባል ወይ የሚለውን የባቡሩን እንቆቅልሽ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ ፍርድ መስጠት ለምዳችኋል።

ወጣት ሐኪም ሳለሁ የምሠራበት ሆስፒታል ሁለት የኩላሊት እጥበት ማሽን ብቻ ነበረው። ወረፋው ረጅም ነው። ማን እንደሚገባ የሚወስን ኮሚቴ ተቋቋመ። ሒሳብ እወድ ስለነበር ሠንጠረዡን አንተ ሥራ ተባልኩ። ዕድሜ፣ ተጓዳኝ በሽታ፣ ቢታጠብ ስንት ዓመት ሊኖር ይችላል እያልኩ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጠሁ። እንዳናዳላ ብዬ ስም እንኳ አላስገባሁም። አሜሪካ ውስጥ ሲያትል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የነበረ ተመሳሳይ ኮሚቴ የታካሚውን ገቢና የቤተ ክርስቲያን ተሳትፎ ሳይቀር ያይ እንደነበር በኋላ ሳነብ፣ የኛ ይሻላል ብዬ ኮርቻለሁ።

ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የወጡት አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ስኳር አለባቸው፤ ልባቸውም ደክሟል። ውሳኔውን የመንገሩ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "ወረቀቱን ልየው?" አሉ። ማሳየት አልተፈቀደም፤ ግን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ ደመሩ። አንዱ ረድፍ ላይ ቆም አሉና እንደገና ደመሩ።

"ልክ ነው" አሉኝ። "የገባው ወጣት ነው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ጎሽ" አሉ። ወረቀቱን መለሱልኝና ባለቤቴን ጥራልኝ አሉ።

ያን ማታ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኼ ነው። ውሳኔውን አሁንም አልቀይረውም። ማሽኑ ሁለት ነው፤ ዕጣ ብንጥልም ሰው ይሞታል። እኔን ግን "ልክ ነው" ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ። የባለቤታቸውን ፊት አላስታውሰውም።

ፈላስፋው በርናርድ ዊሊያምስን ያነበብኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሰው በገዛ እጁ ያደረገውን ነገር እንደ ተመልካች ሊያየው አይችልም፤ ጥፋት ባይኖርበትም ጸጸቱ ተገቢ ሊሆን ይችላል ይላል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ዩቲሊቴሪያኒዝም ሰዎች የተለያዩ መሆናቸውን ከቁም ነገር አይቆጥርም ብሎ ተቸ። እውነቱን ነው። ወጣቱ ያገኘው ዓመት መምህሩን አይክሳቸውም። ድምሩ ውስጥ ነው እንጂ ሁለቱ የትም አይገናኙም።

ታዲያ ስሌቱን እንጣለው? ኧረ በጭራሽ። ሠንጠረዥ የሌለበትንም ወረፋ አይቻለሁ። እዚያ የሚገባው ዘመድ ያለው ነው። ስለ ፍትሕና ስለ መብት ጮክ ብሎ የሚናገረውም ሰው ስልክ ሲያስደውል ደርሼበታለሁ። አንዳንዴ ቤንታም ብቻውን ይበቃናል እላለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ መምህሩ ትዝ ይሉኝና ዝም እላለሁ።

ማንበብ ለምትፈልጉ፣ የቤንታምን ሐሳብ የተከተለው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1861 በመጽሔት ያወጣው "ዩቲሊቴሪያኒዝም" አጭር ነው፤ አምስት ምዕራፍ ብቻ። ቪዲዮውን ተዉትና አምስተኛውን አንብቡ። የግለሰብን መብትና የብዙኃኑን ጥቅም ለማስታረቅ የሚታገለው እዚያ ነው። እኔን ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም። እናንተን ካሳመናችሁ ጻፉልኝ።