ራጁ «ክፍተቱ ጠብቧል» ካለ እናቴ መራመድ ታቁም?

ጥያቄ፦ እናቴ 62 ዓመቷ ነው፤ የግራ ጉልበቷን ካመማት ሁለት ዓመት አለፈ። ራጅ ተነሥታ «የመገጣጠሚያው ክፍተት ጠብቧል» ተባለች። ጎረቤቶች «የጉልበትሽ ዘይት አልቋል፣ እንዳትንቀሳቀሺ» ስላሏት ከቤት አትወጣም። ዳይክሎፌናክና ዴክሳሜታሶን ከፋርማሲ እያስገዛች ትውጣለች። ራጁ ይደገም ይሆን?

መልስ፦ እናትዎ አልጋ ላይ እንዳይቀሩ መፍራትዎ ይገባኛል። ክፍተቱ ጠበበ ማለት ግን እግራቸው አበቃለት ማለት አይደለም። ራጃቸው በጣም ጠብቦ ገበያ ደርሰው የሚመለሱ አሉ፤ ራጃቸው ደህና ሆኖ ሕመም እንቅልፍ የሚነሳቸውም አሉ። ኦፕሬሽን የሚታሰበው ሕመሙ በሌላ ሕክምና አልታገስ ብሎ ኑሮን ሲያውክ ነው እንጂ ፊልሙ ስላስፈራ አይደለም።

መጀመሪያ ራጁ ቆመው ይሁን ተኝተው የተነሡት ይጠይቋቸው። ተኝተው ከሆነ የሰውነት ክብደት ስለማይጫነው ክፍተቱ ከእውነቱ ሰፍቶ ሊታይ ይችላል። ቆመውም ቢሆን ጨረሩ ከአጥንቱ ገጽ ጋር ካልተስተካከለ ጤነኛው ጉልበት የጠበበ ይመስላል። የሚደገም ከሆነ ሁለቱም ጉልበቶች ቆመው በአንድ ፊልም ይነሡ፤ ሁለተኛው ፊልም ደግሞ ጉልበቱ 45 ዲግሪ ያህል ታጥፎ ይሁን፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሳሳው ቦታ በዚህ ይታያል። ቆሞ በተነሣ ራጅ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጠበበ ይቆጠራል፤ ከሌላው ጉልበት ጋር ማስተያየትም ያስፈልጋል።

አሁን ወደ «ዘይቱ»። በፊልሙ ላይ ጠቆር ብሎ የሚታየው ክፍተት የዘይት ጋን አይደለም። አጥንቱን የሚሸፍነው ልም አጥንትና በመካከል ያለው ትራስ የተቀመጡበት ነው፤ ራጅ እነሱን አያሳይም። የሳሳው ይህ ሽፋን ነው። ፈሳሹማ አላለቀም፤ እንዲያውም የታመመ ጉልበት የሚያብጠው ብዙ ጊዜ ፈሳሹ ስለበዛ ነው። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ስንራመድ ተጨምቆና ተለቆ ከዚያው ፈሳሽ ነው። እናትዎ ቤት በዋሉ ቁጥር ሽፋኑ ምግብ ያጣል፣ የጭናቸው ጡንቻ ይከሳል፣ ሸክሙም ሁሉ በጉልበቱ ላይ ይወድቃል። «አትንቀሳቀሺ» የሚለው ምክር ከራጁ ይልቅ ይጎዳቸዋል። ስለዚህ ይራመዱ፤ ሜዳ ሜዳውን፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ከዘራውን በቀኝ እጃቸው ይያዙ፤ ብዙ ሰው በሚያመው በኩል ይይዛል፣ ስሕተት ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ቀጥ አድርገው 5 ሴኮንድ ያቆዩ፤ በየእግሩ 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ክብደት ካላቸው ይቀንሱ፤ እያንዳንዱ ኪሎ ሲቀንስ በእርምጃ ጊዜ ከጉልበቱ ላይ የሚነሣው ሸክም 4 ኪሎ ያህል ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ ግን ልለሳለስ አልችልም። ሁለቱ አንድ ላይ ጨጓራ ያደማሉ፤ ዳይክሎፌናክ ኩላሊት ይጎዳል፣ ዴክሳሜታሶን ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ሁለቱም የደም ግፊት ያባብሳሉ። ያለ ሐኪም ይህን ያህል መቆየት አልነበረበትም! ዳይክሎፌናኩን አሁኑኑ ያቁሙ። ዴክሳሜታሶኑን ግን ሳምንታት ከወሰዱት በድንገት ማቋረጥ ራሱ አደገኛ ስለሆነ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄደው መጠኑን ቀስ በቀስ ያስቀንሱ። ግፊታቸው፣ ስኳራቸውና ኩላሊታቸውም ይመርመር። ለሕመሙ ጉበታቸው ደህና ከሆነ ፓራሲታሞል 1 ግራም፣ በቀን ከሦስት ጊዜ ሳይበልጥ መውሰድ ይችላሉ።

ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ጉልበቱ በድንገት አብጦ ከጋለና መርገጥ ካቃታቸው፣ ትኩሳት ባይኖርም እንኳ (ዴክሳሜታሶን ትኩሳትን ይደብቃል)፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ያድርሷቸው።