ቴስቱን ማሽን ሲጽፈው ትክክሉን ማን ይናገር?

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አራት ዓመት በማንዋል ቴስተርነት፣ ማለትም ሶፍትዌርን በእጅሽ እየፈተሽሽ ሠርተሻል። አሁን መሥሪያ ቤትሽ ኮድም፣ ኮዱን የሚፈትሽ ቴስትም የሚጽፍ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያ አስገብቷል፤ አለቆችሽም የፍተሻ ቡድኑን በግማሽ ለመቀነስ እያሰቡ ነው። «አዲሱ ቴክኖሎጂ የፍተሻን ሥራ በእውነት ምን ያህል ይለውጠዋል? እኔስ ምን ልማር?» ብለሻል። በዚህ ሙያ 14 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ ቴስት መጻፍና ማስኬድ ረክሷል፣ ገናም ይረክሳል። ያልረከሰው ከኮዱ ውጭ ቆሞ «ትክክለኛው ውጤት ይሄ ነው» ብሎ መናገር የሚችል ሰው ነው። አለቆችሽ ሁለቱን እንደ አንድ ሥራ ቆጥረው ከሆነ የሚሳሳቱት እዚያ ላይ ነው።

ከዚህ በፊት በነበርኩበት አንድ ቡድን መሣሪያው ሲገባ እኔም በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ለወራት ተከምሮ የነበረ ሥራ በሳምንታት አለቀ። 400 የማይሞሉ የነበሩት ቴስቶች ከ2,000 አለፉ። በቴስት የሚሸፈነው የኮድ ድርሻ ከግማሽ በታች ነበር፣ ወደ 90 ከመቶ ተጠጋ። ቴስቶቹን በራሱ የሚያስኬደው ፓይፕላይን አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ፣ ሁሉም ያልፋል ማለት ነው፤ ኃላፊዎቻችንም በየስብሰባው ይህን ቁጥር ያሳዩ ነበር። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ከሂሳብ ክፍል አንዲት ባለሙያ መጣች። «ደንበኛ ከገዛው ከፊሉን ሲመልስ የምንከፍለው ገንዘብ ከደረሰኙ ጋር አይገጥምም» አለችን። ኮዱን ከፍተን ስናየው ቅናሹን ለእያንዳንዱ ዕቃ ካከፋፈለ በኋላ እያንዳንዱን ለየብቻ ያጠጋጋል። በድርጅቱ ደንብ ግን መጠጋጋት ያለበት ድምሩ ነበር። በአንዱ ተመላሽ ላይ የሳንቲም ልዩነት ነው፤ በሺህ ሲባዛ ግን መዝገብ ያዛባል።

ይህን ቦታ የሚፈትሹ 11 ቴስቶች ነበሩን። ሁሉም ያልፋሉ። መሣሪያው ቴስቶቹን የጻፈው ኮዱን አንብቦ ስለሆነ፣ ኮዱ የሚያወጣውን የተሳሳተ ቁጥር «የሚጠበቅ ውጤት» አድርጎ መዝግቦታል። ተማሪ የራሱን ፈተና ራሱ አርሞ መቶ ከመቶ እንደሰጠው ቁጠሪው። የከፋው ደግሞ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዴቨሎፐሩ ስሌቱን ሲያስተካክል 11ዱም ቴስቶች ወደቁ፤ አንድ አዲስ የገባ ልጅም «እርማቱ ሥራ አበላሽቷል» ብሎ ወደ ቀድሞው ሊመልሰው ሲል ነው የደረስንበት። ቴስቶቹ ስህተቱን አለመያዛቸው አንድ ነገር ነው፤ ስህተቱን እንደ ዘበኛ መጠበቃቸው ግን ሌላ ነው፣ እኔን ያስደነገጠኝም ይሄ ሁለተኛው ነው።

ከዚያ በኋላ ሚውቴሽን ቴስቲንግ ጀመርን። ሐሳቡ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው፤ ብዙ የኮምፒውተር ጉልበት ስለሚበላ ግን ለረጅም ጊዜ ከምርምር ቤት እምብዛም አልወጣም ነበር። ኮዱ ውስጥ ሆን ብለሽ ጥቃቅን ስህተቶች ትከቻለሽ፤ መደመሩን መቀነስ ታደርጊዋለሽ፣ «ይበልጣል» የሚለውን «ይበልጣል ወይም እኩል ነው» ታደርጊዋለሽ። ከዚያ ቴስቶቹን ታስኬጃለሽ። ስህተት ገብቶም ሁሉም ቴስት ካለፈ፣ ያ ቦታ ተፈትሿል ማለት አይቻልም። በዚህ መንገድ ስናጣራ ብዙዎቹ ቴስቶች ኮዱን አስኪደው ውጤቱን በቅጡ የማያዩ ሆነው አገኘናቸው። ልብ በይ፣ የተመላሽ ገንዘቡን ስህተት ይህም ዘዴ ቢሆን አይዘውም ነበር። እዚያ ቴስቶቹ ጠንካሮች ናቸው፤ የተሳሳተ ነገር ነው አጥብቀው የያዙት። እሱን የያዘችው የሂሳብ ባለሙያዋ ናት፣ እሷም የያዘችው ደረሰኙን ስለምታውቅ ነው።

ፈታሹና ተፈታሹ አንድ ግምት ሲጋሩ ምን እንደሚሆን ዓለም በሙሉ አይቶታል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ የለቀቀው ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ። በረራዎች ተሰረዙ፣ ሆስፒታሎችም ተቸገሩ። ኩባንያው ፍተሻ አልነበረውም እንዳትይ፤ አውቶማቲክ ቴስትም፣ ይዘቱን የሚያጣራ ፕሮግራምም ነበረው። የዳታው ቅርጽ 21 መስኮች (የመረጃ ቦታዎች) አሉት ተብሎ ተገልጿል፤ ኮዱ የሚያቀብለው ግን 20 ብቻ ነበር። አጣሪው ፕሮግራም 21ዱም ይመጣሉ ብሎ ስለገመተ አሳለፈው። በፍተሻ ጊዜም 21ኛው መስክ «ምንም ይሁን ምን ተቀበል» በሚል ምልክት ይሞላ ስለነበር ክፍተቱ አልታየም። ያ መስክ መነበብ ያለበት ቁርጥ ያለ ነገር የያዘ ጊዜ፣ ፕሮግራሙ የሌለ ነገር ፍለጋ ከተፈቀደለት የሚሞሪ ወሰን ወጣና ኮምፒውተሩን ይዞ ወደቀ። ማሻሻያው አስቀድሞ ለጥቂቶች ተለቆ ሳይታይ ለሁሉም በአንዴ መሄዱ ደግሞ ጉዳቱን አሰፋው። አለቆችሽን ልታነጋግሪ ስትገቢ ይህን ታሪክ ይዘሽ ግቢ። «ስንት ቴስት አለን?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ቴስቶቻችን ከኮዱ ጋር የሚጋሩት ግምት የቱ ነው?» የሚለው መምጣት እንዳለበት ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ አላውቅም።

ስለ ክላውድና (በኢንተርኔት በኩል በሚሠራባቸው የሌላ ድርጅት ኮምፒውተሮች ማለት ነው) ስለ ማይክሮሰርቪስም (አንድን ፕሮግራም ወደ ትናንሽ ክፍሎች መከፋፈል) ጠይቀሻል። እዚያ ላይ ትልቁ ለውጥ ቴስቶች አንዴ የሚያልፉ አንዴ የሚወድቁ መሆናቸው ነው። አንድ ፕሮግራም ሃያ ቦታ ተከፋፍሎ በኔትወርክ ሲነጋገር የጊዜ መዘግየት የማይቀር ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2016 ከቴስቶቹ 16 ከመቶ ገደማው በተወሰነ ደረጃ ይህ ጠባይ እንዳለባቸው ገልጾ ነበር፤ ያን ያህል አቅም ያለው ድርጅት ከተቸገረ እኛ መቸገራችን አይገርምም። አደገኛው ችግሩ የሚወልደው ልማድ ነው፦ የወደቀን ቴስት አረንጓዴ እስኪሆን ደጋግሞ ማስኬድ። እኛ ዘንድ ለሁለት ወር ያህል «እሱ ቴስት ጠባዩ ነው» እየተባለ የታለፈ ውድቀት፣ በኋላ ሲጣራ ሁለት ትዕዛዞች እኩል ሲደርሱ አንዱን የሚያጠፋ እውነተኛ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) ሆኖ ተገኘ። ለእንዲህ ያለ ቴስት ባለቤት መድቡለት፤ ወይ ይስተካከል ወይ ይሰረዝ።

አሁን ወደ አዲሱ ነገር እንምጣ፦ የምትፈትሺው ምርት ራሱ በቋንቋ ሞዴል፣ ማለትም እንደ ሰው ጽሑፍ በሚመልስ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮግራም የሚሠራ ሲሆን። ኃላፊዎች ገና ያልገባቸው ሥራ ይሄ ነው፤ አንቺ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምታስፈልጊው እዚህ ነው። አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ብትጠይቂው ሦስት ዓይነት አነጋገር ይመልሳል። «ከዚህ ጽሑፍ ጋር እኩል ነው ወይ?» የሚል ቴስት ከንቱ ይሆናል። ለደንበኞች መልስ የሚሰጥ ረዳት ስንሠራ የጠቀመን ሜታሞርፊክ ቴስቲንግ የሚባለው ዘዴ ነው፤ ቲ ዋይ ቼንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት ነው። ትክክለኛውን መልስ ቃል በቃል ባታውቂውም፣ በመልሶች መካከል መኖር ያለበትን ዝምድና ታውቂያለሽ። ጥያቄው በሌላ አነጋገር ቢቀርብ ፍሬ ነገሩ አይለወጥም። የጠያቂው ስም ቢቀየር የመመለሻ ቀነ ገደቡ አይቀየርም። የግዢው ቀን ከገደቡ ቢያልፍ ግን መልሱ የግድ መለወጥ አለበት። ከዚህ ጎን ለጎን ከደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች ጋር ተቀምጠን 150 ያህል እውነተኛ ጥያቄዎች ሰበሰብን፤ ለእያንዳንዱም «መልሱ ውስጥ የግድ መኖር ያለበት» እና «ፈጽሞ መባል የሌለበት» ብለን ጻፍን። ሞዴሉ በተቀየረ ቁጥር፣ ወይም የምንሰጠው መመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ሲነካ፣ ሁሉም እንደገና ይሮጣል። መልሱን በሌላ ሞዴል ማስመዘንም ይቻላል፤ እኛም አድርገነዋል። ነገር ግን ከሚመዝነው ውስጥ በየሳምንቱ የተወሰነውን ሰው እያነበበ ካላመሳከረው ወደዚያው የራስን ፈተና ራስ ማረም እንመለሳለን።

«ፈጽሞ መባል የሌለበት» የሚለውን ዝርዝር አትናቂው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ካናዳ ውስጥ አንድ የፍትሐ ብሔር ዳኝነት አካል፣ የኤር ካናዳ ቻትቦት (ለደንበኞች በጽሑፍ የሚመልስ ፕሮግራም) ዘመድ ሞቶበት ለሚጓዝ ሰው ስለሚደረግ ቅናሽ ለደንበኛ በሰጠው የተሳሳተ መረጃ አየር መንገዱን ተጠያቂ አድርጎታል። ቻትቦቱ ለራሱ ድርጊት ራሱ ይጠየቅ የሚለው መከራከሪያም ተቀባይነት አላገኘም። በድረ ገጹ ላይ ለሚገኝ መረጃ ሁሉ ኃላፊው ድርጅቱ ነው።

ስለ ዳታ አንድ ነገር ብቻ። የደንበኞችን እውነተኛ ዳታ ለመፈተሻ መጠቀም ድሮም ስህተት ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው ባግ ለማስረዳት ሲል የደንበኛን መዝገብ እንዳለ ወደ ውጭ መሣሪያ ሊለጥፍ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ከመድረሱ በፊት ደንብ እንዲወጣ ጠይቂ።

ምን ልማር ላልሽው፦ ኮድ ማንበብ ተማሪ፣ ባትጽፊውም። የቴስት መሣሪያ ስሞችን ማሳደድ አያስፈልግሽም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ሴሌኒየም ዛሬም አለ፣ በ2020 የመጣው ፕሌይራይትም እየተስፋፋ ነው፣ አንዱን በደንብ ካወቅሽ ሌላውን በሳምንታት ትለምጂዋለሽ። ዋናው ጊዜሽ ግን ድርጅቱ የሚሠራበትን ደንብ በማወቅ ላይ ይዋል። ከሂሳብ ክፍል፣ ከመጋዘን፣ ስልክ ከሚያነሱት ሰዎች ጋር ተቀመጪ። አራት ዓመት በእጅሽ ስትፈትሺ ያጠራቀምሽው ዕውቀት፣ ማለትም የትኛው ደንበኛ ምን ሲያደርግ ሲስተሙ እንደሚሰናከል፣ የትም አልተጻፈም፤ ስለዚህ መሣሪያው ሊያውቀው አይችልም። ጻፊው። በስምሽ ይታወቅ።

በዚህ ሳምንት ደግሞ አንድ ነገር አድርጊ። መሣሪያው ከጻፋቸው ቴስቶች ገንዘብ ወይም ፈቃድ የሚነኩ ሃያ ምረጪ። በእያንዳንዱ ላይ «ይህ የሚጠበቅ ውጤት ከየት መጣ?» ብለሽ ምንጩን ፈልጊ፤ ከጽሑፍ ደንብ ነው፣ ከሰው ነው፣ ወይስ ከኮዱ ከራሱ? ከኮዱ ብቻ የመጡትን ለይተሽ የሚመለከተው ክፍል እንዲያያቸው አድርጊ። ስለ ቡድኑ መቀነስ ከመነጋገራችሁ በፊት ይህ ወረቀት በእጅሽ ይኑር። ስንት እንዳገኘሽ እዚሁ ጻፊልን፤ ወረቀቱን እንዴት እንደምታቀርቢው የምንነጋገረው ያኔ ነው።