ጥያቄና መልስ፦ የበረዶ ሥጋ በመርከብ
ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ የበግ ሥጋ በጅቡቲ በኩል ወደ ጅዳ በመርከብ ለመላክ አስቤአለሁ፤ ትኩሱን ሥጋ ማቀዝቀዣ ባለው ኮንቴይነር ብጭነው በመንገድ ላይ በረዶ ይሆንልኛል?

መልስ፦ አይሆንም። ኮንቴይነሩ የተሠራው አስቀድሞ የቀዘቀዘውን ጠብቆ ለማቆየት እንጂ ትኩሱን ለማቀዝቀዝ ስላልሆነ፣ ሥጋው ከመጫኑ በፊት እስከ ውስጡ ድረስ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ቀዝቃዛው አየር በወለሉ ቦዮች ገብቶ በጭነቱ ዙሪያ ስለሚዘዋወር፣ ካርቶኖቹ ግድግዳው ላይ ከተሰመረው የጭነት መስመር በላይ መደርደር የለባቸውም። ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበን ግን የየብሱ ጉዞ ነው፤ በመርከቡና በወደቡ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ሲኖር፣ የአፋርን በረሃ የሚያቋርጠው መኪና ጄኔሬተር ካልያዘ ማቀዝቀዣው ይቆማል። ስለዚህ ከአጓጓዡ ጋር ሲዋዋሉ ጄኔሬተሩንና ነዳጁን (ነዳጁ ይዘነጋል!) በጽሑፍ ያስገቡ።