«ኳስ ስትለቅሚ ነው የከረምሽው?»

ጠያቂዋ ስሟ እንዲቆይ ፈልጋለች። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ ተምራ ባለፈው ወር፣ በሜይ፣ ተመርቃለች። ቪዛዋ የተማሪ ቪዛ፣ ኤፍ-1 ነው። ሁለት ዓመት ለዩኒቨርሲቲው የቤዝቦል ቡድን የመረጃ ሥራ ስትሠራ ቆይታለች። ዘንድሮ ቡድኑ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሀገር አቀፉ ውድድር አልፎ ከተማውን ጉድ አሰኘ። እንዲህ ትላለች፦ «ይህን ሲቪዬ ላይ ላስገባው? አባቴ ከአዲስ አበባ እየደወለ ‹ኳስ ስትለቅሚ ነው የከረምሽው?› ይለኛል። ምክትል አሰልጣኛችን ደግሞ አንድ ዓመት በነጻ እንዳገለግል ጠይቆኛል። ልቆይ ወይስ ሥራ ልፈልግ?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ለምረቃውም፣ ለቡድኑም።

ወደ ቤዝቦሉ ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር አሳስቦኛል። ስለ ኦፒቲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ በተማሪ ቪዛ ለመሥራት ስለሚሰጠው ፈቃድ፣ አንድም ቃል አልጻፍሽም። አመልክተሽ ከሆነ ይህን አንቀጽ እለፊው። ካላመለከትሽ ግን ነገ ጠዋት የዩኒቨርሲቲሽ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ በር ላይ ተገኚ። ማመልከቻው ትምህርት ካለቀበት ቀን በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ኢሚግሬሽን እጅ መግባት አለበት። ቢሮው ስምሽን ሲስተም ውስጥ ካስገባ በኋላ ያለሽ ደግሞ 30 ቀን ብቻ ነው። ግማሹን ጊዜ በደስታ ጨርሰሽዋል። አልፈርድብሽም፤ እኔም ብሆን ስታዲየም ነበር የምገኘው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አንድ ቡድን ላስታውስሽ፤ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ አባትሽ ግን አያውቁትም። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ኮንዌይ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ ከሚርትል ቢች አጠገብ። ኮስታል ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ እዚያ ነው። የቡድኑ ምልክት አውራ ዶሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ ቡድን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ነብራስካ፣ ኦማሃ ገባ፤ የመጨረሻዎቹ 8 ቡድኖች የሚገናኙበት የኮሌጅ ወርልድ ሲሪስ ማለት ነው። ገብቶም ዋንጫውን ወሰደ። በመጀመሪያ ተሳትፎው ያሸነፈ ቡድን ከ1956ቱ ሚኒሶታ ወዲህ አልነበረም። ፍጻሜው ከሦስት ሁለት ያሸነፈ የሚወስድበት ነው። በመጀመሪያው ቀን አሪዞና 3 ለ 0 ረታቸው። ሁለተኛውን 5 ለ 4፣ ሦስተኛውን 4 ለ 3 አሸነፉ። የመጨረሻው መቺ ተሸንፎ ከጨዋታ ሲወጣ አሪዞና ነጥብ ለማስቆጠር የሚጠብቁ ሁለት ሯጮች ቤዝ ላይ ነበሩት። አንድ ጥሩ ምት ብትገኝ ዛሬ ይህን ታሪክ አላወራልሽም ነበር።

ሰው የሚያወራው ስለዚያች ምሽት ነው። እኔን የሚስበኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። አሰልጣኙ ጋሪ ጊልሞር ራሱ በወጣትነቱ እዚያው ኮስታል ተጫውቷል። ቡድኑን ማሰልጠን የጀመረው በ1996 ነው። በ2008 እና በ2010 ኦማሃ ደጃፍ ላይ ደርሶ፣ አንድ እርምጃ ሲቀረው ተመለሰ። ስለዚህ «ድንገተኛ» የተባለው ዓመት ሃያ ዓመት የተሠራበት ነው። ሌላም አለ። ዋንጫውን ያነሱት ጁን 30 ነው። በማግስቱ፣ ጁላይ 1፣ ዩኒቨርሲቲው ወደሚበልጥ ኮንፈረንስ (ዩኒቨርሲቲዎች ተቧድነው የሚወዳደሩበት ምድብ)፣ ወደ ሰን ቤልት ተዛወረ። ዋንጫው ያመጣው ይመስላል አይደል? አይደለም። ዝውውሩ የተወሰነው በ2015 ነው።

ይህን ያነሳሁልሽ ለሲቪሽ ስል ነው። «ቡድናችን ለመጀመሪያ ጊዜ አለፈ» ብለሽ ብትጽፊ ቀጣሪው «ጎበዝ» ብሎ ያልፈዋል። እሱ የተጫዋቾቹ ነው። ያንቺ ከዚያ በፊት ያለው፣ ማንም ያላጨበጨበለት ሥራ ነው። ትራክማን የተባለው መለኪያ መሣሪያ በየጨዋታው የሚያወጣውን የእያንዳንዱን ውርወራ መረጃ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ እያጸዳሽ፣ ለወርዋሪዎቹ ስለ ተጋጣሚ መቺዎች ባለ ሁለት ገጽ ሪፖርት ታዘጋጂ እንደነበር ጽፈሽልኛል። በይ እሱን ቁጥር አልብሺው። አንድ ጨዋታ ላይ ከሁለቱም ወገን ወደ 300 ውርወራ ይኖራል። መደበኛው የውድድር ዘመን እስከ 56 ጨዋታ ነው። በሁለት ዓመት ስንት ሺህ መስመር መረጃ እንዳለፈብሽ ፋይሎችሽ ይነግሩሻል። ትክክለኛውን ቁጥር ቆጥረሽ ጻፊ። ማጋነን አያስፈልግም፤ እውነቱ ራሱ ትልቅ ነው።

ከዚያ ከቤዝቦል ቋንቋ አውጪው። የሆስፒታል ወይም የኢንሹራንስ ቀጣሪ «ስፒን ሬት» (ኳሷ የምትሽከረከርበት ፍጥነት) ስትዪው ዓይኑ ይፈዛል። «ማታ የደረሰ የተዘበራረቀ መረጃ አጽድቼ፣ ጠዋት ስታትስቲክስ ለማያውቅ ሰው በሁለት ገጽ አቀርብ ነበር፤ ሰውየውም በዚያ ላይ ተመርኩዞ በዕለቱ ይወስን ነበር» ብትዪው ግን ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ይሄ ሥራ እሱም ቤት አለና። በተለይ አንድ አሰልጣኝ ያንቺን ሪፖርት አይቶ ሐሳቡን የቀየረበት ቀን ካለ፣ ያችን ታሪክ ለቃለ መጠይቅ አዘጋጂያት።

ሁለተኛው ነገር፦ የድጋፍ ደብዳቤ። ትኩስ ትኩሱን፣ በዚህ ሳምንት። ትንሽ ቡድን ገኖ ሲወጣ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች መጀመሪያ የሚያማትሩት አሰልጣኞቹን ነው። ጁን እና ጁላይ የዝውውር ወር ነው። ዛሬ ከቢሮሽ ማዶ የሚቀመጠው ምክትል በሚቀጥለው ወር ሌላ ክፍለ ሀገር ሊሆን ይችላል። እኔ እዚህ አገር እንደገባሁ የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። አለቃዬ ትወደኝ ነበር፣ «ደብዳቤ ስትፈልግ ንገረኝ» ብላኛለች። እኔ ሆዬ ይሉኝታ ይዞኝ «ሥራ ሳገኝ እጠይቃታለሁ» እያልኩ ስምንት ወር አሳለፍኩ። ስጠይቅ ለቃ ሄዳለች፣ ኢሜይሏም ተዘግቷል። ይሉኝታ እኛን ሐበሾችን ስንት ነገር እንዳስቀረብን ብጽፍ ገጹ አይበቃኝም።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ልቆይ ወይስ ልሂድ ወደሚለው። የኦፒቲው የመጀመሪያ 12 ወር ከተማርሽው ጋር የሚገናኝ እና በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት የሆነ ሥራ፣ የሥራ ሕግ እስካልጣሰ ድረስ፣ በነጻም ቢሆን ይቆጠርልሻል። ስለዚህ ቡድኑ ውስጥ መቆየት ከተፈቀደው 90 ቀን በላይ ያለ ሥራ እንዳትቆጠሪ ያደርግሻል። ግን ስታትስቲክስ ስለተማርሽ ተጨማሪ 24 ወር የማግኘት ዕድል አለሽ፤ ለእሱ ደግሞ የነጻ ሥራ አይሠራም። ደመወዝ የሚከፍል፣ የሠራተኛን የሥራ ፈቃድ በሚያጣራው የመንግሥት ሲስተም፣ ኢ-ቬሪፋይ ውስጥ የተመዘገበ ቀጣሪ ያስፈልግሻል። አንድ ዓመቱን በሙሉ በነጻ ብትጨርሺው፣ በመጨረሻዋ ሰዓት ይህን ቀጣሪ ፍለጋ ትሯሯጫለሽ። የኔ ምክር፦ እስከ መኸሩ ልምምድ ማብቂያ ድረስ እሺ በዪ፣ ጎን ለጎን የሚከፈልበት ሥራ ፈልጊ። ለምክትሉም ይህን ከአሁኑ በግልጽ ንገሪው። ኪራይ ማን ይከፍላል የሚለውን ግን ደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁም፣ እሱን ካልመለስሽ ምክሬ ዋጋ የለውም። ዝርዝሩን ከቢሮው ጋር አረጋግጪ፤ ሕጉ ይቀያየራል።

«እንደዚህ ያለ ዓመት ደግሞ አይገኝም፣ ጥዬው ብሄድስ?» ብለሽ መጨረሻው ላይ ጽፈሻል። ኮስታል እንደገና ኦማሃ ለመግባት 9 ዓመት ፈጅቶበታል። በ2025 ሲመለስ ጊልሞር ጡረታ ወጥቷል። መሪው ኬቪን ሽናል ነበር፤ በጊልሞር ሥር የተጫወተ፣ በ2016 ምክትሉ የነበረ ሰው። ዋና አሰልጣኝ በሆነ በመጀመሪያው ዓመት ፍጻሜ ደርሶ በኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ተሸነፈ። ሌላው ደግሞ የኒው ዮርኩ ስቶኒ ብሩክ ነው። በ2012 ኤልኤስዩን በሜዳው ረትቶ ኦማሃ ገባ። እዚያ ሁለቱንም ጨዋታ ተሸንፎ ተመለሰ፣ ከዚያም አልደገመውም። የዚያ ቡድን ተጫዋች ትራቪስ ጃንኮቭስኪ ግን በ2023 ከቴክሳስ ሬንጀርስ ጋር የፕሮፌሽናሎቹ ወርልድ ሲሪስ አሸናፊ ሆኗል። ሽናል ቆየ፣ ጃንኮቭስኪ ሄደ። ሁለቱም ያን ዓመት ይዘውት ነው ያሉት። ብትሄጂ ከመዝገቡ አትፋቂም ለማለት ያህል ነው።

ለአባትሽ ከሪፖርቶችሽ አንዱን በቫይበር ላኪላቸው። ተጫዋቹን ሳይሆን ሠንጠረዡን አሳዪያቸው፣ ምን እንደሚልም በአማርኛ አስረጃቸው። ለእሳቸው ከገባቸው ለየትኛውም ቀጣሪ ይገባዋል። ለእኔ ደግሞ ሲቪሽን እስከ ዓርብ ላኪልኝ፣ የኦፒቲውንም ነገር አብረሽ።